በመጋቢት አቦ ዕለት ውሃውን ማን ዘጋው?

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ትሩፋት፤ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ለዚህ የስንብት ዝግጅት የቀረበው የምስር ሳምቡሳ፣ ተሰናባቹ ሳይቀምሰው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ሙሉ በሙሉ አልቋል። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋምልኝ አልልም፤ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሌላ ሳምቡሳ ይፈልጋል። ሕዝቡ እንዲረጋጋ፣ ቆጣሪ አንባቢያችን ቢሻውም አፉን እንዲጠርግ ግን በትሕትና አሳስባለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናው። ይህን ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢ አልብሳችሁኛል፤ በዚህ ሙቀት ላቤ እየወረደ ነው፣ ክብር ነውና አላወልቀውም። የግድግዳ ሰዓትም ሰጥታችሁኛል። ሠላሳ አራት ዓመት «አቶ ደጉ፣ ሰዓት ይከበር» ስትሉኝ ኖራችሁ፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት በሌለኝ ቀን ሰዓት ሰጣችሁኝ። ይሁን። ባለቤቴ ሰገን ትፈልገዋለች፤ ከእንግዲህ ቤት ስውል ስንት ሰዓት እንደታገሠችኝ ትቆጥርበታለች።

ተቀመጥ አትበሉኝ፤ ቆሜ ልናገር። ከቅድም ጀምሮ ስነሣና ስቀመጥ ያያችሁኝ ወገቤን አሞኝ አይደለም። የምናገረው ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

ለመሆኑ ሳምቡሳው ለምን ምስር እንደሆነ ታውቃላችሁ? የዝግጅት ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል፤ ወሬው ደርሶኛል። አንዱ «በግ ይታረድ» አለ። «ማን ይረደው?» ተባለ። «እንግዲያ ሁለት በግ» ተባለ። በጉ ሁለት ከሆነ ቢላዋው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት። «ጭልፋው ቢቀያየርስ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። ለጭልፋው ጥበቃ ይመደብ ተባለ። በሦስተኛው ስብሰባ ምስር በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ያለ ቅሬታ የተመረጠ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

ቀልዴን ግን እንዳታዛቡብኝ። ሥጋችን ለየብቻ መሆኑ አጣልቶን አያውቅም። አባቴ እኔን ሲድር ከትልቁ ዳስ ጎን ሌላ ዳስ ጥሎ፣ አንድ ወይፈን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሰጠ። ራሳቸው አረዱት፣ ራሳቸው ሠሩት፣ በሉና መጥተው ከእኛ ጋር ጨፈሩ። የእነሱ ሠርግ ሲሆን ለእኛ እንዲሁ ያደርጉልን ነበር። ልዩነቱ በግልጽ ተቀምጧል፤ ዳስ አለው፣ ድስት አለው። ማንም የማንንም ድስት አልከፈተም።

ታዲያ የሚያጣላን ምንድን ነው? እኔ እንዳየሁት፣ «እነዚያ በጓሮ ምን እየሠሩብን ይሆን?» የሚለው ነው። ለዚያ ዳስ አልጣልንለትም።

እኛ የውሃ ሰዎች ነን። የምንሠራበት ቦታ ደግሞ ያስቃል። ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ይሞላና የፎገራ ሜዳ ባሕር ይሆናል፤ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል፤ ላሞቹ እስከ ሆዳቸው ተነክረው ይግጣሉ። በዚያው ቀን ወረታ መሃል እመት እገሊት ቧንቧ ሲከፍቱ ፉጨት ይሰማሉ። በውሃ የተከበበ ከተማ ውሃ ያጣል፤ ይህን ለማብራራት ሠላሳ አራት ዓመት ደመወዝ በልቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያብራራሁለት ሰው የለም።

ስለዚህ ፈረቃ አለን፤ በየመስመሩ ያለውን ቫልቭ በቁልፍ እያዞርን ውሃውን እንለቃለን፣ እንዘጋለን። የላይኛው መስመር ለአቦ ደብርና ለአካባቢው፣ የታችኛው ለመስጊዱና ለዙሪያው። ቧንቧው ሲቀበር ተዳፋት ታየ እንጂ ሃይማኖት አልተጠየቀም። በላይኛው መስመር ሙስሊም፣ በታችኛውም ክርስቲያን ሞልቷል። ግን ይህን ለማን ታስረዳለህ?

የአቤቱታ መስኮቴን ታስታውሳላችሁ።

«ዓርብ ዓርብ ለእነሱ ይለቀቃል» ይሉኛል አንዱ።

«አባቴ፣ ዓርብ ለሁለታችሁም ፈረቃ አላችሁ።»

«ለእነሱ ግን በኃይል ነው የሚወርደው።»

«በምን አወቁ?»

«ድምፁ ይሰማል።»

እሳቸው ሲወጡ ከታች ሰፈር ሌላው ይገባሉ። ቀኑን እሑድ ብዬ ያንኑ ልድገምላችሁ? አልደግምም። ድምፁ ይሰማል የሚለው ሳይቀር አንድ ነው።

ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ሊከራከር ወደዚያ መስኮት የመጣ አንድ ሰው አላየሁም። የመጣው ሁሉ የመጣው ስለ ጎረቤቱ በርሜል ነው። በኋላ ግን ሲተረክ «የሃይማኖት ጠብ» ይባላል። በርሜሉ ስሙ አይነሣም።

እንግዲህ ወደሚያስነሣኝ ነገር ልምጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንዱ የጽዋ ማኅበርተኛዬ ነው።

«ደጉ፣ የቫልቩን ቁልፍ ለማን ነው የምታስረክበው?»

«ቦታዬን ማን እንደሚይዝ ሥራ አስኪያጇ ሰኞ ትወስናለች።»

«ለኑርሁሴን ነው ይባላል።»

«ተራው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል።»

«ያ መጋቢት ላይ ውሃ የዘጋብን? የአቦን ውሃ በእሱ እጅ ልታኖር?»

ኑርሁሴንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያውና በሩ አጠገብ ቆሟል። የእኔን ቦታ፣ የሥርጭት ኃላፊነቱን፣ በልምድ የሚቀድመው የለም። ነገር ግን ማህደሩ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ለኃላፊነት አይታጭም፤ ደንባችን ነው። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው በማን ሪፖርት ነው? በእኔ። እኔ በጡረታ ወጥቼ ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ስሞቅ፣ ወይዘሮ ትሩፋት ያንን ወረቀት አይታ ስሙን ትሰርዛለች። ጥፋቷ አይደለም። ወረቀት ነው የምታየው።

አዲሶቹ ያን ቀን አታውቁትም። ልተርከው።

አምና መጋቢት አምስት ዓርብ ላይ ዋለ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተው ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነው፤ ከተማው በሙሉ ቁጡ ነው ማለትም ነው። አቦ ይነግሣሉ፤ ከይፋግም፣ ከጣራ ገዳም በኩልም እንግዳ ይጎርፋል። መስጊዱም የረመዳን ጁምዓ አለው። እኛም ደለደልን፤ ከሐሙስ ዐሥር ሰዓት እስከ ዓርብ ረፋድ ለላይኛው መስመር፣ ከዚያ ለታችኛው።

ሐሙስ ተረኛው ኑርሁሴን ነበር። በዐሥር ሰዓት የላይኛውን ቫልቭ ከፈተ። ይህ ቫልቭ የገጠመው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ቫልቭ ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር ይከፈታል፤ ይህ ወደ ግራ ሲዞር ይዘጋል። ኑርሁሴን ወደ ቀኝ ሃያ ሁለት ዙር አዞረ፣ የብረት ክዳኑን መለሰ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ሊያፈጥር ወደ ቤቱ ሄደ። ከእሱ በኋላ ቫልቩን የነካ ሰው የለም። በሪፖርቴ እንዲህ ይላል።

ዓርብ ጠዋት የአቦ ቅጥር ደረቀ። ሃምሳ ሴት ክክ ተለቅሞ፣ እሳት ነድዶ፣ ጎላ ተጥዶ ቧንቧውን ከበቡት፤ ቧንቧው ያፏጫል። አንዱ «ተረኛው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ እንደ ውሃችን አልዘገየም፤ ሰፈር ለሰፈር ፈሰሰ። በመጀመሪያው ሰዓት ኑርሁሴን «እስላሙ» ሆነ። በሁለተኛው ሰዓት «እስላሞቹ» ሆነ። ይኸው ነው እድገቱ፤ በእኛ መሥሪያ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ያጣውን እድገት ሐሜት በሁለት ሰዓት ሰጠው።

ከላይ ወጣቶች ዱላ ይዘው ወደ ቫልቩ ጉድጓድ ወረዱ። ከታች ደግሞ «ወንድማችንን ሊገድሉት ነው» ተብሎ ሌሎቹ ዱላ ይዘው ወጡ። ዱላው አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንድ ገበያ የተገዛ። በመካከል የብረት ክዳኗ። ክዳኗ አጠገብ እኔና ኑርሁሴን።

ጋቢ ለባሽ ሆኜ ዛሬ ጀግና አልሆንም፤ ፈርቼ ነበር።

ያኔ የአቦው መሪጌታ ባየህ እያለከለኩ ደረሱ። ከወዲያ የመስጊዱ ሼህ ጣሃ በምርኩዛቸው። ስብከት ጠበቅን። መሪጌታ «ወይ እግሬን!» ብለው ክዳኑ ላይ ቁጭ። ሼህ ጣሃ «ትንሽ ጠጋ በሉልኝ» ብለው አጠገባቸው ቁጭ። ክዳኑ ለአንድ ሰውም አይበቃ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ።

«መሪጌታ፣ ይነሡልን! ቫልቩን እንየው!» አለ አንድ ጎረምሳ።

«ማን ሊያነሣኝ? አንተ? ና አንሣኝ። እናትህ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

«ንገራት፤ ልጅሽ ሽማግሌ ለመደብደብ ደርሷል በላት።»

ሼህ ጣሃም ወደ ወገናቸው ዞሩ። «ጾመኛ አይደላችሁም? ለጸሎት ስጠራችሁ ‹ደከመን› ትሉኛላችሁ። ይህን የሚያህል ዱላ ለመሸከም ከየት የመጣ ጉልበት ነው?»

ከዱላው አንዳንዱ ዝቅ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው ዱላውን ጥሎ እንዲቀርብ አዘዙ። ተደጋግፈው ተነሡ። ክዳኑ ተከፈተ።

ቫልቩ ዝግ ነው።

«ከፍቼው ነበር፤ ወላሂ ከፍቼው ነበር» አለ ኑርሁሴን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አያ ደጉ፣ እርስዎ ትናንት ማምሻውን በዚህ አልፈው ነበር?»

«አላለፍኩም» አልኩ።

ዐይኔን ጥቂት አየው። «እንግዲያ ተሳስቼ ይሆናል» አለ፣ ጎንበስ ብሎም ከፈተው።

ባዶ መስመር ለመሙላት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሼህ ጣሃ ለጁምዓ የተጠራቀመውን የመስጊዱን በርሜል በባጃጅ ወደ አቦ አስጫኑት። በርሜሉ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ፤ አንዲት ሴትዮ ጎላው ላይ ቆመው «በመስጊድ ውሃ የአቦ ድግስ ይሠራል እንዴ?» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«ውሃ ደግሞ ይታረዳል እንዴ?» አሉ መሪጌታ። «ጨምሩት!»

ጨመሩት። እንግዳው በላ፣ ጠጣ፣ አመሰገነ። በመስጊዱ ግን ያን ቀን አንድ ጣሳ ውሃ ለሦስት ሰው ተካፍለው ታጥበው ሰገዱ። ይህን ያወቀ ብዙ ሰው የለም፤ ድምፁ አልተሰማም።

ማንም አልተመታም። ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። የኑርሁሴን ስም ግን ወደ ቤቱ አልገባም፤ «ውሃ የዘጋው» ሆኖ ገበያ ለገበያ ቀረ። ባለቤቱ ዘሃራ ቲማቲም ልትገዛ ስትወጣ «አንቺማ ውሃው በእጅሽ ነው» ይሏታል፤ እየሳቁ። ሳቁ ነው የሚከፋው።

እንግዲህ ይህ እንዴት ይቀላል? ስለ መቻቻል ሥልጠና እንደሆነ ብዙ ወስደናል። ትልቅ ወረቀት ይሰቀላል፣ «መቻቻል» ተብሎ በቀይ ይጻፋል። በመጨረሻው ሥልጠና «በቡድን ተወያዩ» ስንባል በምን ተቧደንን? አስታውሱ እስቲ። ክርስቲያኑ በመስኮቱ በኩል፣ ሙስሊሙ በበሩ በኩል። ሁለቱም ቡድን ያቀረበው መልስ አንድ ነበር፤ «ችግሩ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።» አሠልጣኙ ሁለቱንም አጨብጭቦ አመሰገነ።

ከዚያ ሁሉ ሥልጠና፣ ሁለት ሽማግሌዎች ክዳን ላይ ቁጭ ብለው ያስተማሩኝ ይበልጣል። ጊዜ ገዙ፣ እግራቸውን አሳረፉ፣ ከዚያ ከሁለቱም ወገን ሰው አቁመው ክዳኑን ከፈቱ። ሐሜቱ የሚኖረው ክዳኑ ሳይከፈት ነውና።

አንድ ነገር ላሳስብ። የቫልቩ ቁልፍ ሁለት እጀታ አለው፤ እዚህም እዚያም። እኔ ዕድሜ ልኬን ሁለቱንም ብቻዬን ይዤ ኖርሁ፤ ለሁለት ሰው እንደሚበቃ አልታየኝም። ከበዓል በፊት አንዱን እጀታ የላይ ሰፈር ሰው፣ አንዱን የታች ሰፈር ሰው ይያዘው። ዙሩን ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ዘጠኝ ላይ ቢጨቃጨቁ ከአንድ ይጀምሩ። ወገባቸው እስኪያማቸው ይጀምሩ። አብሮ የደከመ ሰው ስለ ድምፅ አያወራም።

ይህ ቀላሉ ነው። ሌላው ይከብዳል። ኑርሁሴንን በእናንተ ፊት፣ በዚህ አዳራሽ፣ ማሞገስ ምን ይጎዳኛል? ታጨበጭባላችሁ። አስቸጋሪው ከገዛ ወገኔ ጋር ቤቴ ተቀምጬ፣ ሌላው በሌለበት፣ «እንዲህ አይደለም» ማለቱ ነው። የሰላም ሥራ የሚሠራው እዚያ ይመስለኛል፤ ማይክሮፎን በሌለበት። ማክሰኞ ዕለት ሦስቱ እንግዶቼ «ያ ውሃ የዘጋብን?» ሲሉኝ ምን አልኩ መሰላችሁ? ሠላሳ አራት ዓመት መልስ የማያጣው አፌ ምን አለ?

«ሻይ ይደገማችሁ?» አለ።

ደገምኳቸው። ጠጡና ሄዱ። ሰገን ኩባያውን ስታነሣ «አንተ ሰውዬ፣ ሻይ ነው ያለቀው ወይስ አንተ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

ኑርሁሴን ወንድሜ፤ ያን ቀን ዐይኔን ካየህ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳን መልሰህ አልጠየቅኸኝም። በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» ብለኸኝ ትገባለህ። ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር።

ወይዘሮ ትሩፋት፣ ሰዓቱን አየሁት፤ ልጨርስ ነው። ልመርቃችሁ፤ ቢሻው፣ አንተም ቁም።

ላይ ሰፈር ያላችሁም ታች ሰፈር ያላችሁም ቧንቧችሁ አያፏጭባችሁ። ሩዛችሁን ጎርፍ አይውሰደው፤ ድርቅም አይየው። የልጆቻችሁ ሠርግ ሁለት ዳስ የሚሞላ ይሁን። ጾማችሁ በሰላም ተጀምሮ በሰላም ይፈታ፤ ከሌላው ጾም ጋር ሲገጥምም ቁጣችሁን አብራችሁ ጹሙት። በደጃችሁ ዱላ ይዞ የሚያልፍ ከብት የሚነዳ ብቻ ይሁን። ስለ ጎረቤታችሁ ክፉ ስትሰሙ፣ ክዳን የሚከፍት ሰው አይጥፋባችሁ። እናንተም ጡረታችሁን በንጹሕ ልብ የምትቀበሉ ያድርጋችሁ።

አሜን በሉ።

አሜን ካላችሁ በኋላ አትበተኑ። አንድ ወረቀት ቀርቶኛል፤ ትናንት ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ የመዝገብ ቤቷ ሸጌ ማኅተም እንድታደርግበት አስረክባታለሁ። አነባለሁ።

«ማስተካከያ። አምና መጋቢት ስምንት ቀን በፈረምኩት ሪፖርትና ዛሬ በዚህ ንግግር ላይ ‹ከተረኛው በኋላ ቫልቩን የነካ ሰው የለም› የተባለው ስሕተት ስለሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። ሐሙስ መጋቢት አራት ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ደጉ ይሄይስ፣ ተረኛው ሙስሊም ስለሆነ ለአቦ አሳንሶ ከፍቶ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ፣ ማንም ሳያዘኝ ሄጄ ክዳኑን አነሣሁ። የቫልቩን ተገላቢጦሽነት ዘንግቼ፣ እከፍታለሁ ብዬ ወደ ግራ አዞርሁት። ቁልፉ በቀላሉ ሲዞርልኝ ‹ያው፣ ዘግቶት ኖሯል!› አልኩ፤ ደስም አለኝ። ሃያ ሁለት ዙር ቆጥሬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ክዳኑ ሲነሣ ያደረግሁት ገባኝ፤ ‹አላለፍኩም› ያልኩትም ከገባኝ በኋላ ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ ምክንያት በሚለው ስር ‹የተረኛው ሠራተኛ ስሕተት› የሚለው ተሰርዞ ‹የሥርጭት ኃላፊው ጥርጣሬ› በሚል እንዲተካ፣ ለኑርሁሴን የተሰጠው ማስጠንቀቂያም ከማህደሩ ወጥቶ በእኔ ማህደር እንዲገባ አመለክታለሁ። ግልባጭ፦ ለመሪጌታ ባየህ፤ ለሼህ ጣሃ፤ ለወይዘሮ ዘሃራ፤ እንዲሁም ማክሰኞ ቤቴ መጥተው ሻይ ለጠጡት ሦስት እንግዶች።»